የብርቱካን ቅጠል ቢጫ እየሆነብኝ ነው፤ የምታውቁ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ዘጌ ላይ ከቡናው መሀል የአባቴ ብርቱካንና ሎሚ አለ። ከአምና ጀምሮ አንዳንድ ቅርንጫፍ ለብቻው ቢጫ ይሆናል፤ የቀረው ዛፍ ደህና ነው። ዚንክ አንሶት ነው ያሉኝ አሉ። የዚንክ እጥረት ግን በቅጠሉ ግራና ቀኝ እኩል ነው የሚታየው፤ የእኔው ቢጫ ከመሀል ጅማቱ ወዲያና ወዲህ አይመሳሰልም። ፍሬው ተንጋዶ ያድጋል፣ ከታች በኩል አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል፣ ይመራል፤ ስሰነጥቀው ዘሩ ጨንግፏል። ለጋው ቅጠል ጉብ ጉብ ብሏል፤ ሲገለብጡት በየጉድጓዱ ጠፍጣፋ ቢጫ እጭ ተጣብቋል።

ትሪዮዛ የምትባለው መጣጭ ተባይ ትመስለኛለች፤ ሲትረስ ግሪኒንግ የሚባለውን የብርቱካንና የሎሚ በሽታ ባክቴሪያ ከዛፍ ወደ ዛፍ የምታዛምተው። የአፍሪካው ዓይነት በሽታ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይስማማዋል፤ ጣና ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። የያዘውን ዛፍ የሚያድን መድኃኒት የለም። ሳላረጋግጥ የአባቴን ዛፍ መቁረጥ ይከብደኛል፤ ዘግይቼ የጎረቤቶቼን ማስያዝ ደግሞ ይብሳል። በሽታው በማዳቀልም ስለሚተላለፍ ቅርንጫፍ የጠየቁኝን እምቢ ብያለሁ።

ባህር ዳር ወይም አካባቢው ቅጠል ተቀብሎ በፒሲአር (በዘረመል ምርመራ) የሚመረምር ላብራቶሪ የምታውቁ አላችሁ? ናሙናው እንዴት ተይዞ ይላካል? ተባይዋ ልምጭ በሚባለው ቁጥቋጦ ላይም ትራባለች፤ አጥራችን ዳር ልምጭ ሞልቷል፣ ይነቀል ትላላችሁ? ንቦቹን ሳይጎዳ እጩን የሚገድል ምን ረጭታችሁ ሠራላችሁ? ፎቶ ለሚፈልግ እልካለሁ።