ሥዕል ሳልስል የሥዕል ሙዚየም ዳይሬክተር መሆን ይቻላል? (ደብረ ብርሃን ነኝ፣ አካውንታንት ነኝ)

የጠባሴዋ፦

ሰላም ለዚ ቤት። ጥያቄዬ ትንሽ ወጣ ያለ ነው፣ ሳትስቁ አንብቡልኝ። ደብረ ብርሃን ነው ምኖረው፣ አካውንቲንግ ተምሬ አንድ ፋብሪካ ሒሳብ ክፍል እሰራለሁ፣ ደሞዙ ያው እንደምታውቁት ነው። ባለፈው አዲስ አበባ ለስልጠና ሄጄ ጓደኛዬ ስድስት ኪሎ አካባቢ ያለውን የገብረክርስቶስ ደስታ ሙዚየም ወሰደችኝና ከዛ ወዲህ ልቤ እዛው ቀረ። ሥዕሎቹ ደስ አሉኝ፣ ግን ከሥዕሎቹ በላይ ያስገረመኝ ይሄ ከዛኛው ጎን ይሰቀል ያለው ማነው፣ መብራቱን እንዲ ያደረገው ማነው፣ ይሄ ሁሉ ብርስ ከየት ነው ሚመጣው ሚለው ነገር ነው። ጓደኛዬ ዳይሬክተር አለው እኮ ስትለኝ በቃ ይሄን ስራ ነው ምፈልገው አልኩ።

ችግሩ እኔ በማስመሪያ እንኳ ቀጥ ያለ መስመር አላሰምርም፣ ሥዕል ሚባል ነገር በእጄ የለም። ቤት ሳወራ እናቴ ደህና እንጀራ ይዘሽ ምን ነካሽ አለችኝ፣ መስሪያ ቤት ደግሞ ትኬት ቆራጭ ልትሆኚ ነው ብለው ሳቁብኝ። እና ምን ልማር? የግድ ሰዓሊ መሆን አለብኝ? የተማርኩት አካውንቲንግስ ውሃ በላው ማለት ነው? እዚ ሆኜስ ከየት ነው ምጀምረው? ሚያውቅ ካለ በናታችሁ።

ዕቃ ቆጣሪዋ፦

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። እኔ አዲስ አበባ አንድ ሙዚየም ኮሌክሽን ክፍል ነው ምሰራው፣ ስሙ ይቅር። በመጀመሪያ፣ ይሄ ከዛኛው ጎን ይሰቀል ያለው ዳይሬክተሩ ላይሆን ይችላል፣ እሱ አብዛኛውን ጊዜ የኩሬተር፣ ማለት ኤግዚቢሽኑን ሚያቅደው ሰው፣ ስራ ነው። ዳይሬክተር ማለት ኩሬተሩ ያሰበው ነገር ግድግዳ ላይ እንዲወጣ ብር ሚፈልግ፣ ቦርድ ሚያሳምን፣ ጉምሩክ የያዘውን ሳጥን ሚያስለቅቅ፣ ጣራው ሲያፈስ ሚጠየቅ፣ መጨረሻ ላይ በመክፈቻው ቀን ሱፉን ለብሶ ንግግር ሚያደርግ ሰው ነው። ሰው ሚያየው ንግግሩን ብቻ ነው።

ምሳሌ ልንገርሽ። ከውጭ ሥራ በውሰት ሲመጣ ሳጥኑ እንደደረሰ አይከፈትም፣ እንደታሸገ 24 ሰዓት ያህል ክፍሉ ውስጥ ይቀመጣል፣ አየሩን እንዲለምድ፣ ያለዛ ሸራውና እንጨቱ ባንዴ ይኮማተራል ወይ ያብጣል። ከዛ ይከፈትና ባትሪ ከጎን አስጠግተን እያበራን እያንዳንዷን ስንጥቅ፣ እያንዳንዷን የተላጠች ቀለም ላኪው ከጻፈው ሪፖርት ጋር እናመሳክራለን፣ አዲስ ጭረት ከተገኘ እዛው ፎቶ ተነስቶ ይፈረምበታል። ኢንሹራንሱ ሥዕሉ ከባለቤቱ ግድግዳ ከወረደበት ተመልሶ እስኪሰቀል ድረስ ያለውን ስለሚሸፍን ጭረቷ የት ላይ እንደመጣች ካልታወቀ ጭቅጭቁ ማለቂያ የለውም። ወረቀት ላይ የተሰራ ከሆነ መብራቱ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) ባያልፍ ይመከራል፣ የዘይት ቀለም እስከ 200 ይችላል፣ አንዳንዱ ክፍል ስትገቢ ጨለም ሚልብሽ ለዛ ነው። አበዳሪው ሙዚየም ደግሞ ገና ሳይሰጥሽ ስለ ህንፃሽ አንድ በአንድ ይጠይቅሻል፣ ጄኔሬተር አለ ወይ፣ እርጥበቱ ስንት ነው፣ እሳት ቢነሳ ምንድነው ምታደርጉት፣ ማታ ስንት ዘበኛ ያድራል። እሱን ሁሉ አዎ ብሎ ሚፈርመው ዳይሬክተሩ ነው፣ ክረምት ላይ መብራት ሲጠፋ እንቅልፍ ሚያጣውም እሱ ነው።

ትምህርቱን በተመለከተ፣ ሁሉም ዳይሬክተር በአንድ መንገድ አልመጣም። ኒውዮርክ ያለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ሞማ፣ እ.ኤ.አ. በ1929 ሲከፈት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አልፍሬድ ባር ገና 27 አመቱ ነበር፣ የሥነ ጥበብ ታሪክ አስተማሪ ነበር። እዛው ቤት ከ1995 እስከ 2025 የመራው ግሌን ላውሪ ደግሞ የተማረው የእስልምና ጥበብ ታሪክ ነው፣ ዘመናዊ ሥዕል አደለም። ለንደን ቴት ሚባለውን የሙዚየም ተቋም ከ1988 እስከ 2017 የመራው ኒኮላስ ሴሮታ ኬምብሪጅ ኢኮኖሚክስ ጀምሮ ነው ወደ ሥነ ጥበብ ታሪክ የዞረው፣ ቴት ሞደርንን በ2000 አሮጌ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ውስጥ የከፈተው እሱ እያለ ነው። ናይጄሪያዊው ኦክዊ ኤንዌዞር ደግሞ ፖለቲካል ሳይንስ ነው የተማረው፣ ጀርመን ሙኒክ ያለውን ሃውስ ደር ኩንስት ሚባል የሥነ ጥበብ ማሳያ ቤት እስከመምራት ደርሷል። ሁሉም ግን ዳይሬክተር ከመሆናቸው በፊት ወይ ኤግዚቢሽን አዘጋጅተዋል፣ ወይ ጽፈዋል፣ ወይ አስተምረዋል፣ ማለት ከሆነ ቦታ ድንገት የተሾመ የለም።

አንቺ ያየሽውን ቤት ደግሞ ለብዙ ጊዜ የመራችው ኤልሳቤጥ ወልደጊዮርጊስ ናት። ዩኒቨርሲቲ እያስተማረች፣ ስለ ኢትዮጵያ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ትልቅ መጽሐፍ እየጻፈች (እ.ኤ.አ. በ2019 ወጥቷል)፣ እሷ እያለች ነው እ.ኤ.አ. በ2015 አርቲስቱ ኦላፉር ኤልያሰን በ2016 ደግሞ አዲስ አበባ የተወለደችው ሰዓሊ ጁሊ ምህረቱ እዛ ያሳዩት። እንደዛ አይነት ሰው እዚ አምጥቶ ለማሳየት ስንት ደብዳቤ ስንት ፊርማ እንደሚፈልግ እኔ ነኝ ማውቀው።

ጣርማበር፦

የጠባሴዋ አትቀየሚኝ፣ የሀገሬ ልጅ ስለሆንሽ እውነቱን ልንገርሽ። እዚ ሀገር ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሚያሳይ ሙዚየም በጣት ሚቆጠር ነው፣ ዳይሬክተርነቱ ደግሞ አንድ ቤት አንድ ወንበር ነው፣ የመንግስት ከሆነ በደብዳቤ ይመደባል፣ የግል ከሆነ የመሰረተው ሰው ነው ሚመራው። ለዛ ብለሽ ቋሚ ስራ ለቀሽ ማስተርስ ምናምን ብትዪ ሁለት አመት ቆይተሽ ያው ሒሳብ ክፍል ነው ምትመለሺው፣ ያውም ሌላ ሰው ወንበርሽ ላይ ተቀምጦ። ኤሲሲኤ (የሒሳብ ባለሙያ ፈተናውን) ጨርሺ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ላምበረት ድረስ ሄደሽ ሙዚየም እዪ፣ ማን ከለከለሽ። ክፋት አደለም።

ኬፕታውን ያለሁ፦

ጣርማበር ወንድሜ ግማሹ ልክ ነህ ግማሹ ግን አይዋጥልኝም። እኔ ኬፕታውን ነኝ፣ ሱቅ ነው ያለኝ፣ ወደብ አካባቢ ዛይትዝ ሞካ ሚባል ትልቅ የአፍሪካ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ፣ እንደ ፈረንጁ በ2017 ነው የተከፈተው። በፊት ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? የእህል ጎተራ! እህል ወደ ውጭ ሚላክበት በ1920ዎቹ የተሰራ ጎተራ፣ 42 የኮንክሪት ቱቦ ነበረው፣ መሃሉን ቆርጠው ቆርጠው ውስጡን አዳራሽ አደረጉት፣ ገብተህ ቀና ስትል የተቆረጡት ቱቦዎች ከላይ ይታዩሃል፣ እኔ ከሞጃ የወጣሁ የገበሬ ልጅ አፌን ከፍቼ ነው የቀረሁት።

አሁን ወደ ነጥቤ። ቤቱ በተከፈተ በአመቱ መስራች ዳይሬክተሩ ለቀቀና ነገሩ ሁሉ ተንገዳገደ፣ በ2019 የያዘችው ኮዮ ኩዎ ምትባል የካሜሩን ሴት ናት። ምን ተምራ መሰለህ፣ ቢዝነስ አስተዳደርና ባንክ! ስዊዘርላንድ አድጋ፣ እዛ ከስደተኛ ሴቶች ጋር ስትሰራ ቆይታ፣ ከዛ ዳካር ሄዳ በ2008 ሮው ማቴሪያል ካምፓኒ ሚባል የራሷን የሥነ ጥበብ ማዕከል አቋቋመች። ትንሽ ቤት ነው፣ ግን ለአመታት ሰው ስታሰለጥን፣ ስታሳትም፣ ኤግዚቢሽን ስታሳይ ከርማ ነው ኬፕታውን የጠሯት። እዚ ደግሞ በ2022 የጥቁር ሰዓሊዎችን የመቶ አመት የሰው ምስል ሥዕል ሰብስባ ያሳየችው ኤግዚቢሽን ከዚ ወጥቶ አውሮፓ ዞሯል። የ2026 የቬኒስ ቢየናሌ (ጣልያን ሚካሄደው ትልቅ የሥነ ጥበብ ኤግዚቢሽን) ኩሬተር ሆና ተመርጣ ነበር፣ ሳታደርሰው በ2025 ግንቦት ላይ አረፈች፣ ነፍሷን ይማር፣ እቅዷን ግን አብረዋት የነበሩት ይዘውት ቀጠሉ። ስለዚ ሒሳብ የተማረች ልጅ አይሆንላትም ማለት ትንሽ ያስቸግራል።

ጣርማበር፦

ስዊዘርላንድና ጠባሴ አንድ ነው እንዴ ታዲያ 😂 እሷ እኮ በፓስፖርቷ ነው የዞረችው

የአንኮበር መምህር፦

ልጆች ደህና ናችሁ። እኔ ጡረታ የወጣሁ የሥዕል መምህር ነኝ፣ ልጄ ናት ይሄን ያሳየችኝ። ጠባሴና ስዊዘርላንድ አንድ አይደሉም፣ እውነት ነው፣ ነገር ግን አንኮበርና ለንደንም አንድ አልነበሩም። አፈወርቅ ተክሌ በ1925 ዓ.ም እዚሁ አንኮበር ነው የተወለደው፣ እንግሊዝ ሀገር የተላከው የማዕድን ምህንድስና ተምሮ እንዲመጣ ነበር፣ ሥዕል ተምሮ መጣ። አፍሪካ አዳራሽ ያለው 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥራ የሱ ነው። አዲስ አበባ ቪላ አልፋ ብሎ ቤቱን ሲሰራ ደግሞ መኖሪያም መሥሪያም ማሳያም አድርጎ ነው፣ የራሱ ሥራ ዳይሬክተር ራሱ ነበር ማለት ይቻላል። ጎረቤታችን ሰላሌ የተወለደው አለ ፈለገሰላም ቺካጎ ተምሮ መጥቶ የአዲስ አበባውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲያቋቁም፣ ሰዓሊነቱ እንዳለ ሆኖ፣ ቦታ መጠየቅ፣ በጀት መለመን፣ አስተማሪ መፈለግ ነበረበት። ትምህርት ቤት ማቆም ቀለም ከመበጥበጥ የተለየ ሙያ ነው። አንቺ ልጄ የጎደለሽ ቀለሙ ነው፣ ሌላውን መልመድ ትችያለሽ።

መካኒሳ ያለውን ዞማ ሙዚየም ደግሞ ሂጂና እዪ። መስከረም አሰግድ አንትሮፖሎጂ ነው የተማረችው፣ ሰዓሊ አይደለችም፣ ከአርቲስቱ ኤልያስ ስሜ ጋር ሆነው ነው ያንን ቤት ያቆሙት፣ በ2019 እንደ ፈረንጁ ተከፈተ። ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው።

ጣርማበር፦

ጋሼ ጭቃና ጭድ ከሆነማ መንዝ ሙሉ ሙዚየም ነው

የአንኮበር መምህር፦

ነው እንጂ። እየቀለድክ እውነት ተናገርክ። የመንዝ ባና፣ የሱፍ ብርድ ልብሱን፣ ሚሠሩት እናቶች ሱፉን ፈትለው፣ ሸማኔው ሲሠራው፣ ጥቁሩን ከነጩ የሚያሰልፉበትን አሰላለፍ አይተህ ታውቃለህ? እኔ ተማሪዎቼን ሦስት መአዘን ሳስተምር ባና ነበር ክፍል ይዤ ምገባው። ያንን ቁጭ አድርጎ ስለሱ በደንብ ጽፎ፣ ከዘመኑ ሰዓሊ ሥራ አጠገብ ያሳየ ሰው እስካሁን በአካባቢያችን አላየሁም። የጠባሴዋ፣ እኔ ያስተማርኩባት ትምህርት ቤት አዳራሽ አላት፣ ክረምት ላይ ባዶ ናት፣ ርዕሰ መምህሩን አነጋግራለሁ፣ አንቺ ደግሞ በጀቱን ሥሪ።

የጠባሴዋ፦

እንዴ ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ከምር ነው ሚሉት? እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው ምጽፈው። እሺ በጀቱ አያስፈራኝም፣ እሱን ማታ ቁጭ ብዬ እሰራዋለሁ። ግን ዕቃ ቆጣሪዋ አንድ ነገር ንገሪኝ፣ እንደዚ አይነት አዳራሽ ውስጥ ያሳየሁት ነገር ለሲቪ ይቆጠራል ወይስ ቀልድ ነው ሚመስለው? ማስተርሱንስ አሁን ልጀምር ወይስ ልቆይ?

ዕቃ ቆጣሪዋ፦

በደንብ ይቆጠራል፣ ግን በወረቀት ከያዝሽው ነው። ማለት ምን አይነት ኤግዚቢሽን እንደነበር፣ ሥራዎቹ ከማን እንደመጡ፣ ስንት ብር ገብቶ ስንት እንደወጣ፣ ስንት ሰው እንዳየው፣ ፎቶ ምናምን። ብዙ አመልካች ሥነ ጥበብ እወዳለሁ ብሎ ነው ሚመጣው፣ የኤግዚቢሽን ሒሳብ ዘግቶ ሚያሳይ ሰው ስታገኚ ግን ቦርድ ወንበር ስቦ ነው ሚያስቀምጠው፣ ምክንያቱም ሙዚየም አብዛኛውን ጊዜ ሚወድቀው በሥዕል እጦት ሳይሆን ፈንድ ሰጪ ሪፖርት ሲጠይቅ ሚያቀርብ ሰው ስለሚያጣ ነው። እኔ ባየሁት አንድ ትልቅ ገንዘብ ደረሰኝ ስላልተሟላ ብቻ ተመላሽ ሆኗል፣ የት እንደሆነ አልነግርሽም።

ማስተርሱን ቆይተሽ። መጀመሪያ አዲስ አበባ አንዱ ሙዚየም ወይ ጋለሪ ፋይናንስ ክፍል ቦታ ሲወጣ ተወዳደሪ፣ በሒሳብ በር ግቢና ሳጥን ሲከፈት ሄደሽ አጠገባቸው ቁሚ፣ ማንም አያባርርሽም። ማታ ማታ የሥነ ጥበብ ታሪክ አንብቢ፣ እንደ ስኩንደርና ገብረክርስቶስ ስላሉ ሰዓሊዎች ሲወራ አፍሽን ዘግተሽ መቀመጥ የለብሽም። እሱን ካየሽ በኋላ ነው ሙዚየም ጥናት ይሁን ሥነ ጥበብ ታሪክ ምትመርጪው።

እና ባናውን ስትቀበሉ ተጠንቀቂ፣ ሱፍ ብል ይበላዋል። አዳራሹ ውስጥ ከማስገባትሽ በፊት በላስቲክ አሽገሽ ጥልቅ ፍሪዘር ውስጥ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ አንድ ሁለት ሳምንት ማቆየት ነው፣ እኛም እንደዛ ነው ምናደርገው።

ኬፕታውን ያለሁ፦

ደብረ ብርሃን በኅዳር ውጭ ብታሰጪውስ አይበቃም 😄

ዕቃ ቆጣሪዋ፦

አይበቃም 😄 ሥጋ ቤት ጠይቂ፣ ፍሪዘር አላቸው።

ጣርማበር፦

በቃ ተሸነፍኩ። የአያቴ ባና አለ፣ ጥቁርና ነጭ፣ እናቴ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች፣ ማምጣት እችላለሁ። ግን ፍሪዘር ውስጥ ከሥጋ ጋር አታስገቡብኝ፣ ደሞ ፎርም ሙሉልኝ፣ ቢጠፋ ቢቀደድ ማነው ሚከፍለኝ?

ዕቃ ቆጣሪዋ፦

አየሽ የጠባሴዋ፣ የመጀመሪያ አበዳሪሽ መጥቶልሻል፣ ገና ሳይሰጥሽ ኢንሹራንስ ጠየቀ። ወረቀቱ ላይ መጠኑን፣ ቀዳዳ ካለው የት ጋ እንደሆነ፣ የሰጠበትን ቀን፣ ሚመለስበትን ቀን፣ ዋጋውን ጻፊ፣ ሁለታችሁም ፈርሙ።

የጠባሴዋ፦

እሺ ጣርማበር፣ ዋጋውን ስንት ልበል?

ጣርማበር፦

የአያቴን ባና ዋጋ? እሱ በብር አይተመንም እህቴ

ዕቃ ቆጣሪዋ፦

ሁሉም አበዳሪ እንደዛ ነው ሚለው። ያለ ቁጥር አልፈርምም በዪው።