ቶርክ የሚበልጠው የኔ ነው፣ የሚቀድመው ግን እሱ። ምንድነው ነገሩ?

ናፍጣው (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና የባለቤቴ ወንድም አንድ ዓይነት መኪና ነው ያለን፤ ልዩነቱ ሞተሩ ላይ ብቻ ነው። የኔ ቱርቦ ናፍጣ ነው፤ መመሪያው ላይ ቶርኩ (ሞተሩ የሚያዞርበት ጉልበት) 260 ኒውተን ሜትር በደቂቃ 2000 ዙር፣ 105 የፈረስ ጉልበት በ4000 ዙር ይላል። የሱ ቤንዚን ነው፤ 155 ኒውተን ሜትር በ4000፣ 116 የፈረስ ጉልበት በ6000። ሁለቱም ወደ 1400 ኪሎ ይመዝናሉ።

ቶርክ ጉልበት ከሆነ ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ እበልጠዋለሁ። ግን ከቆምንበት እኩል ስንነሳ መጀመሪያ ላይ ትንሽ እቀድመዋለሁ፣ ከዚያ አልፎኝ ይሄዳል። ደግሞ ሁለታችንም በ80 አራተኛ ማርሽ ላይ ሆነን ማርሽ ሳንነካ ነዳጅ ብንሰጥ፣ እኔ ተስፈንጥሬ ስወጣ እሱ ያቃስታል። መካኒክ አይቶት ሞተርህ ደህና ነው ብሎኛል። ሰውየው ደግሞ በተገናኘን ቁጥር ይህንኑ ያነሳብኛል፣ አስረዱኝ።

ቀጥ በል

ይሄ ምን ይጠየቃል? ቶርክ ለመነሻ፣ የፈረስ ጉልበት ለከፍተኛ ፍጥነት። አለቀ።

ካምቢዮ አውራጅ

አላለቀም። እኔ ራሴ ስንት ዓመት ካምቢዮ ሳወርድና ስሰቅል ኖሬ ዘግይቶ ነው የገባኝ፤ ያሳሳተኝም ስሙ ነው። "የፈረስ ጉልበት" እንላለን እንጂ የሚለካው ጉልበት ብቻውን አይደለም፣ ሥራው የተሠራበት ፍጥነት ነው። 75 ኪሎ በአንድ ሰከንድ ውስጥ አንድ ሜትር ከፍ ካደረግህ አንድ የፈረስ ጉልበት ሠርተሃል። ያንኑ 75 ኪሎ ቀኑን ሙሉ እያረፍክ ብታነሳው ማንም ፈረስ አይልህም። ወንበር ላይ ተቀምጠን "ጉልበት አለው!" የምንለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቶርኩን ነው። አንድ ቃል ለሁለት ነገር።

በብስክሌት አስበው። እኔ 80 ኪሎ ነኝ፤ የብስክሌቴ የፔዳል ክንድ 17 ሴንቲ ሜትር ነው። ክንዱ አግድም ሲሆን ክብደቴን ሙሉ ብጥልበት 133 ኒውተን ሜትር ይሆናል፤ ከአማችህ ሞተር ብዙም አይርቅም! ሆኖም ዳገት ላይ እግረኛ ይቀድመኛል። የኔ ፔዳል በደቂቃ 60 ወይም 80 ጊዜ ቢዞር ነው፣ የሱ ሞተር 6000 ይዞራል።

ሒሳቡ ይሄ ነው፦ ኒውተን ሜትሩን በደቂቃ ዙሩ አባዛና ለ9549 አካፍል፣ ኃይሉ በኪሎዋት ይመጣልሃል። የእናንተን መኪኖች እንየው፤ መሃል ላይ ያለውን ቶርክ በግምት ነው የወሰድኩት። በ80 አራተኛ ላይ ያንተ ሞተር 2000 ዙር ላይ ነው እንበል፦ 260 በ2000፣ 54 ኪሎዋት። የሱ 3000 አካባቢ ይሆናል፦ 150 በ3000፣ 47 ኪሎዋት። ስለዚህ ተስፈንጥረህ ትወጣለህ። አሁን እሱ ወደ ሁለተኛ ይውረድ። ሞተሩ 5500 ላይ ይጮኻል፣ ቶርኩም ወደ 145 ወርዷል፣ ኃይሉ ግን 83 ኪሎዋት ሆነ። ያንተ ሞተር በየትኛውም ማርሽ ከ77 አያልፍም፤ 105 ፈረስ ማለት ያው 77 ኪሎዋት ነው።

ማርሽ ቶርክን ያበዛል፣ በዚያው ልክ ዙር ይበላል፤ ኃይል ግን አይፈጥርም፣ እንዲያውም ትንሽ ይሰርቃል። ያንተ ናፍጣ 4000 ላይ ትንፋሹ ስለሚያልቅ ቶሎ ቶሎ ወደ ላይኛው ማርሽ ትሸሻለህ። እሱ እስከ 6000 ስለሚጎትት ዝቅተኛው ማርሽ ላይ ይቆያል፣ ጎማው ጋ የሚደርሰው ቶርክ ያኔ የሱ ይበልጣል። ሞተሩ ላይ ያለውን 260 ሳይሆን ጎማው ጋ የደረሰውን ቁጠር።

ቀጥ በል፣ ያንተም አባባል ግማሽ እውነት አለው። ማርሽ ሳይቀየር ከሆነ መኪናው በጣም የሚገፋው ቶርኩ ጫፍ ላይ በደረሰበት ዙር ነው። ማርሽ መምረጥ ከተቻለ ግን በዚያች ቅጽበት ብዙ ኪሎዋት ያለው ይቀድማል። ጎማው የሚገፋው ኃይሉ ለፍጥነቱ ሲካፈል ነውና፣ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ግፊቱ ለሁሉም መኪና ይሳሳል። የነፋሱን መቋቋም ጨምርበት።

ቀጥ በል

እሺ። የኤሌክትሪክ መኪናስ? ማርሽ የለውም፣ ግን ከቆመበት ይወረወራል።

ካምቢዮ አውራጅ

ሞተሩ ከዜሮ ዙር ጀምሮ ሙሉ ቶርኩን ይሰጣል፤ ፍሪሲዮን የለ፣ ቱርቦው (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው) እስኪነቃ መጠበቅ የለ። ዙር መቀነሻ ጥርስ ግን አለው፣ የሚቀያየር ባይሆንም። ሞተሩ ከተወሰነ የዙር ፍጥነት ካለፈ በኋላ ቶርኩ እየወረደ ኃይሉ ባለበት ይሄዳል፤ ለዚህ ነው መነሻው ላይ ከወንበር ጋር የሚያጣብቅህ መኪና በትልቅ ፍጥነት ላይ የሚለዝበው። መነሻ ላይማ የሚወስነው ብዙ ጊዜ ጎማው መሬት ቆንጥጦ መያዙ ነው። ጎማ ከተሽከረከረ የሞተሩ ቁጥር ወረቀት ላይ ቀረ።

ናፍጣው

እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ባዶ መንገድ ላይ ሞከርኩት፤ ሰዓት የያዘችው ባለቤቴ ናት። ከ80 እስከ 100 በአራተኛ አምስት ሰከንድ ተኩል፣ ሦስተኛ አስገብቼ አራት ሰከንድ ገደማ። ቶርኩ ስለሚበቃኝ ማርሽ መቀነስ የቤንዚን ሰው ጣጣ ይመስለኝ ነበር። አንድ ነገር ብቻ፦ ሦስተኛ ላይ እስከ ስንት ዙር ልቆይ?

ካምቢዮ አውራጅ

ለመቅደም ከሆነ እስከ 4000 ድረስ። ከዚያ ወዲያ ኃይሉ ይወርዳል፣ የሚጨምረው ጩኸቱ ነው። ከ1500 በታች ደግሞ በትልቅ ማርሽ ላይ ሆነህ ሙሉ ነዳጅ አትስጠው፤ ቱርቦው ገና አልነቃም፣ ሞተሩንም በከንቱ ታስጨንቀዋለህ።