ከእንቁላል ሌላ ለአባቴ ቁርስ ምን ላዘጋጅላቸው?

አባቴ ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም ስላለባቸው፣ ሐኪማቸው እንጀራና ዳቦን በተለይ ጠዋት ጠዋት እንዲቀንሱ አሳስበዋቸዋል። እስካሁን እንቁላሉን በቃሪያ፣ በቲማቲም፣ በሽንኩርት እየቀያየርኩ ሳቀርብላቸው ቆይቻለሁ፤ አሁን ግን ሽታው ራሱ ስላስጠላቸው ሳሕኑን ገፋ አድርገው ቡና ብቻ ጠጥተው ይነሣሉ። መድኃኒት ወስደው ባዶ ሆዳቸውን ሲውሉ ስኳራቸው ከልክ በታች እንዳይወርድ እጅግ እሰጋለሁ።

የለመዱት ቁርስ ጨጨብሳ፣ ገንፎ፣ ቅንጬና ፍርፍር በመሆኑ ሁሉም እህል ነው። ከእህል ውጪ በደስታ የተቀበሉኝ አይብ በጎመን ነው፤ ጎመኑን ቀቅዬ በደንብ ከጨመቅሁት በኋላ በነጭ ሽንኩርትና በጥቂት ንጥር ቅቤ ለውሼ፣ አይቡን በኮረሪማ አጣፍጬ ከጎኑ ሳደርግላቸው ጥርግ አድርገው ይበሉታል። አቮካዶ በሎሚም አይጠሉም። ፉልንም አስቤ ነበር፤ ባቄላ ፕሮቲንና አሰር ቢኖረውም ስታርችም ስላለው፣ ያለ ዳቦ በማንኪያ ቢበሉት ምን ያህሉ ይበቃቸው ይሆን?

ከሁሉም የከበደኝ የጾም ቀን ነው። በሕመማቸው ምክንያት ከንስሐ አባታቸው ፈቃድ አግኝተው ረቡዕና ዓርብም ጠዋት ይመገባሉ፤ የፍስክ ምግብ ግን በፍጹም አይቀምሱም፤ ስለዚህ አይቡም ቅቤውም ይቀራል። ከተልባ፣ ከሱፍ፣ ከለውዝ ወይም ከእንጉዳይ፣ ስኳርና ማር ሳይገባበት የሚሠራ፣ አንድ አዛውንት እስከ ምሳ ሊያቆይ የሚችል ቁርስ የምታውቁ ወገኖች አሠራሩን ከነመጠኑ ብትጽፉልኝ ትልቅ ውለታ ትውሉልኛላችሁ።