ከከተማ ዳር ሆነን ቅዳሜና እሑድ የምንሠራው የበጎ ፈቃድ ሥራ የት እናገኛለን?

አራብሳ_ኮንዶ (ጠያቂ)

ሰላም ለቤቱ። እኔና እህቴ የምንኖረው አራብሳ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራ ላይ ነን፤ የሚተርፈን ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ብቻ ነው። ውጭ አገር ሳንመኝ እዚሁ አገራችን፣ ቢቻል ከሰፈር ሳንርቅ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚዘልቅ የበጎ ፈቃድ ሥራ እንፈልጋለን። ፎቶ ተነሥቶ መመለስ አይደለም የፈለግነው። እሷ የሒሳብ መምህርት ናት፤ እኔ የቢሮ ሠራተኛ ነኝ፣ የእጅ ሙያ የለኝም። የት ነው የሚጠየቀው? ምን ወረቀት ይዘን እንሂድ? "መመዝገቢያ ክፈሉ" የሚሉትንስ በምን እንለያቸው? የምታውቁ በዝርዝር ጻፉልን።

ፎርም_ሞይ

ብዙ ሰው ወረዳ ሲሄድ በልማድ ወጣቶችና ስፖርት ይገባል። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ሥራ የያዘው የማኅበረሰብ ተሳትፎና በጎ ፈቃድ ማስተባበሪያ ነው፤ ከከተማ ጀምሮ እስከ ወረዳ ድረስ ወርዷል። እናንተ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ስለሆናችሁ ከራሳችሁ ወረዳ ጀምሩ። የነዋሪነት መታወቂያ ወይም ፋይዳ ከነኮፒው፣ ሁለት ጉርድ ፎቶ፣ የእህትህ ወይም የእህትሽ የትምህርት ማስረጃ ኮፒ ይዛችሁ ብትሄዱ አትመላለሱም።

ነገሩ የሚበላሸው ፎርሙ ላይ ነው። "በማንኛውም ሥራ፣ በማንኛውም ቀን ዝግጁ ነኝ" ብሎ የሞላ ሰው ቅን ይመስላል፤ ግን አይጠራም። አስተባባሪው እጅ ላይ ያለው ሠንጠረዥ ነው፣ ሠንጠረዡ ደግሞ ቀንና ሰዓት ይጠይቃል። እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ "እሑድ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት፣ የ8ኛ ክፍል ሒሳብ፣ ከጥቅምት እስከ ግንቦት።" ይህን ያነበበ ሰው የት እንደሚያስገባችሁ ወዲያው ያውቃል።

ጊዜውንም ልብ በሉ። የክረምት በጎ ፈቃድ የሚባለው ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚጀምረው ነው፤ ያኔ ተማሪው ሁሉ ስለሚወጣ ሰው ይተርፋል እንጂ አይጎድልም። የበጋ መርሐ ግብርም አለ። ጥቅምት ላይ ተማሪው ወደ ትምህርቱ ሲመለስ ቤቱ ጭር ይላል፤ የተጀመረ ሥራ ሁሉ ተንጠልጥሎ የሚቀረው ያኔ ነው። እንደ እናንተ ቋሚ ነገር የሚፈልግ ሰው መስከረም መጨረሻ ላይ ቢሄድ በሁለት እጅ ይቀበሉታል።

ስለ ማጠናከሪያ ትምህርት፦ ትምህርት ቤቱን በቀጥታ ማነጋገርም ይቻላል፣ ግን ርእሰ መምህሩ ክፍል የሚከፍተው ከወረዳው ደብዳቤ ሲመጣለት ነው። ቁልፉ ማን ጋ እንደሚቀመጥ፣ እሑድ ጥበቃው ማን እንደሆነ፣ ጠመኔ ከየት እንደሚወጣ አስቀድማችሁ ጨርሱ። እሑድ ጠዋት በር ላይ ቆሞ መቅረት በዚህ ነው የሚመጣው። ከ20 ልጅ በላይ አትያዙ። መጽሐፉን ከምዕራፍ 1 ጀምሮ መድገም ደግሞ ልጆቹን በሦስተኛው ሳምንት ያባርራቸዋል። የመጀመሪያው ቀን 15 ጥያቄ ስጧቸውና የት እንደተሰናከሉ እዩ። የ8ኛ ክፍል ልጅ አልጀብራ ከበደኝ ሲል ብዙ ጊዜ የከበደው ክፍልፋይ ነው።

ከመሥሪያ ቤት ውጭ ሌሎች ሁለት በሮች አሉ። አንዱ ዕድር ነው። ዕድሩ አልጋ ላይ የዋለውን፣ ልጁ የሞተበትን፣ ብቻውን የቀረውን በስም ያውቃል። ችግሩ አራብሳን የመሰለ አዲስ የኮንዶሚኒየም ሰፈር ውስጥ ዕድሩ ገና አልጠነከረ ይሆናል፤ ያኔ የብሎኩን ኮሚቴ ጠይቁ። ሁለተኛው በር የጤና ጣቢያው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ናቸው። ቤት ለቤት የሚዞሩት እነሱ ስለሆኑ የትኛው ቤት ምን እንደጎደለ ያውቃሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ቤት ስትገቡ ከእነሱ ጋር ግቡ፤ ብቻችሁን "ልንረዳዎ መጣን" ብሎ ማንኳኳት ለባለቤቱም ያስፈራል።

ይህን የሚያነብ የለገጣፎ፣ የቡራዩ ወይም የሰበታ ሰው ካለ፦ እናንተ ሸገር ከተማ ናችሁ፣ አስተዳደሩ ኦሮሚያ ነው። የአዲስ አበባ ወረዳ ደብዳቤ እዚያ አይሠራም፣ የዚያውም እዚህ። ትምህርት ለማገዝ ደግሞ አፋን ኦሮሞ የሚችል ሰው ይበልጥ ይፈለጋል።

ማኅተሙ_የታለ

የገንዘቡን ነገር እኔ ልመልስ። ማኅበሩ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የተመዘገበበት የምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል። "ማየት እንችላለን?" ማለት ነውር የለውም፤ ትክክለኛው ድርጅት ግድግዳ ላይ ሰቅሎት ታገኙታላችሁ። ዕድር፣ ዕቁብና የሃይማኖት ተቋም ግን በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም፤ ስለዚህ ዕድርን "ሰርተፍኬትህ የታለ" ብላችሁ አታስቀይሙ። የእሱ ማስረጃ መተዳደሪያ ደንቡና ቃለ ጉባኤው ነው።

የማኅበር አባልነት መዋጮ አንድ ነገር ነው፣ "ለመመዝገቢያ" የሚባለው ሌላ። ለምሳሌ ቀይ መስቀል አባል ለሚሆን ሰው ዓመታዊ መዋጮ አለው፣ በደረሰኝ ይከፈላል፣ ስውር ነገር የለውም። መጠርጠር ያለበት ገንዘቡ በግለሰብ የባንክ ሒሳብ ወይም በግለሰብ ቴሌብር እንዲገባ ሲጠየቅ፣ "ሰርተፍኬቱ ለቪዛ ይጠቅማል" ወይም "በኋላ ትቀጠራላችሁ" ሲባል ነው። አድራሻቸው የቴሌግራም ቻናል ብቻ ከሆነም ያው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በጽሑፍ አስጨርሱ፦ ትራንስፖርት በማን ነው? ከከተማ ዳር በሁለት ታክሲ የሚሄድ ሰው በወር አራት ጊዜ ደርሶ መልስ ሲያሰላው ነው አቅሙን የሚያውቀው። ብዙ ሰው ሥራውን የሚያቆመው ፍላጎት አጥቶ ሳይሆን በዚህ ሒሳብ ነው።

ጋሽ_ቆርቆሮ

"የእጅ ሙያ የለኝም" ያልከው ወይም ያልሽው ልጅ ስለ ቤት እድሳት አልጠየቅክም፣ ግን የአቅመ ደካማ ቤት ማደስ ላይ ከአናጢ ይልቅ የሚጠፋው ወረቀት የሚጨርስ ሰው ነው። የቢሮ ሰው ለዚህ ነው የሚፈለገው።

ቤቱ የቀበሌ ከሆነ ከወረዳው ቤቶች ፈቃድ ይወጣለታል። የግል ከሆነ ካርታው ይታያል። ከከተማ ዳር ያለው ብዙው ቤት ግን ካርታ የሌለው ነው። እዚያ ላይ አንዲት ማገር ብትነቀል ደንብ ማስከበር ይመጣና "አዲስ ግንባታ ነው" ብሎ ያስቆማል፤ ጣራው ተገፎ አሮጊቷ ሜዳ ላይ ይቀራሉ። ስለዚህ የእድሳት ፈቃዱ በጽሑፍ፣ ማኅተም ያለበት፣ "ነባሩ ይዞታ ሳይሰፋ" የሚል ቃል ያለበት መሆን አለበት። ከመነካቱ በፊት በአራቱም ማዕዘን ፎቶ ይነሣ። ኮፒው ሥራው ቦታ ላይ ይዋል፤ ቢሮ የተቀመጠ ፈቃድ ለደንብ አስከባሪ አይታይም።

ሁለተኛው ጥፋት ጊዜው ነው። የክረምት በጎ ፈቃድ ስለተባለ ብቻ ሐምሌ ላይ ጣራ ይገፈፋል። ጣራ የግንቦት ወይም የመስከረም መጨረሻ ሥራ ነው። የግድ በክረምት ከሆነ ዕቃው ሁሉ በር ላይ ሳይደርስ አንድ ምስማር አይነቀልም፤ ጠዋት 1 ሰዓት ተጀምሮ ከሰዓት ዝናቡ ሳይመጣ መክደን ነው።

መጠኑን ላሳይህ። 3 በ4 ሜትር የሆነች ክፍል፣ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ጣራ። ቆርቆሮው 2 ሜትር ርዝመት፣ 90 ሳንቲም ወርድ ያለው ነው። በ3 ሜትሩ በኩል ከነክፈፉ 3 ሜትር ከ60 ስለሚሆን ሁለት ቆርቆሮ ይቀጣጠላል፣ ድርቡ 20 ሳንቲም። በጎን ሲደረብ የአንዱ ወርድ 75 ሳንቲም ያህል ይቀራል፤ ስለዚህ በ4 ሜትሩ በኩል ከነክፈፉ የሚሆነውን 4 ሜትር ከ40 ለመሸፈን ስድስት ረድፍ። ስድስት ሲባዛ በሁለት፣ 12 ቆርቆሮ። በጎ ፈቃደኛ ድርቡን ረስቶ 10 ይገዛና ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ፍለጋ ይሮጣል።

ምስማሩ ከነጎማው ይገዛ፤ የሚመታውም በጉብታው ላይ ነው። በገንዳው፣ ማለት ውሃ በሚወርድበት ላይ ከተመታ በመጀመሪያው ዝናብ ያፈሳል። ድርቡ ደግሞ ከታች ይጀመራል፤ የላይኛው በታችኛው ላይ ይተኛል። ጭቃው ሳይደርቅ ኖራ አይቀባ። ይኸው ነው።

አራብሳ_ኮንዶ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን፤ የፈቃዱን ነገር ጨርሶ አላሰብነውም ነበር። እኔ ወንድ ነኝ፣ ለማንኛውም። የአረጋውያን ማዕከልስ? አያት ሰፈር ቅርባችን ስለሆነ እዚያ ያለውን መቄዶንያን እያሰብን ነው። ሕክምና የማያውቅ ሰው ምን ይሠራል?

ፋሻና_ጓንት

ብዙ ይሠራል። መቄዶንያ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ነው የሚረዳው፤ "ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው" የሚለውም ቃል የእነሱ ነው። እንዲህ ያለ ትልቅ ማዕከል በበዓል ቀን በጠያቂ ይጨናነቃል፣ ምሳ የሚያበላው ሰው ወረፋ ይይዛል። ከበዓሉ በኋላ ባለው ተራ ማክሰኞ ወይም እሑድ ግን የሚያጥብ እጅ ይፈለጋል። ስለዚህ ስትደውሉ "ምን እናምጣ?" ከማለት "የትኛው ቀንና የትኛው ሥራ ነው ሰው የሚያጣው?" በሉ። ዕቃ ካመጣችሁም ከልብስ ይልቅ የአዋቂ ዳይፐርና ሳሙና ቶሎ ያልቃል።

ማብላት ቀላል ይመስላል፣ ግን አደጋው እሱ ላይ ነው። ሰውየው ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ ጉርሻ አይሁን፣ በማንኪያ ጥቂት ጥቂት፤ የመጀመሪያውን ሳይውጥ ሁለተኛው አይሰጥ። ከበላ በኋላ ለግማሽ ሰዓት አያስተኙት። ጋደም ብሎ የተጎረሰ ምግብ ወደ ሳንባ ይገባል። ከቤት ያመጣችሁትን ብስኩትና ጁስ ነርሷን ሳትጠይቁ አትስጡ፤ ስኳር ያለበት ሰው "የለብኝም" ይላል፣ አምሮት ነው።

ስታጥቡ ውሃውን በክርን ሞክሩት፣ የእጅ መዳፍ ሙቀት ለምዷል። ዘወትር የሚተኛ ሰው ተረከዝና ታች ወገብ ላይ ቀይ ቦታ ካያችሁ በጣት ጫን አድርጉት፤ ቅላቱ ካልጠፋ የመኝታ ቁስል እየጀመረ ነው፣ አትሹት፣ ንገሩ። በጥቁር ቆዳ ላይ ቅላቱ ስለማይጎላ ትኩሳቱንና መጠንከሩን ዳስሱ። የስኳር ሕመምተኛን የእግር ጥፍር በጎ ፈቃደኛ አይቆርጥም። ሰውን ብቻችሁን አታንሡ፣ ለሁለት ነው፤ ወገቡን የሚጎዳው ጉልበተኛው ነው። ጓንት ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ሲሄዱ ይቀየራል፣ ፎቶም አይነሣም፣ "ለመርዳት ነው" ቢባልም።

የሕጻናት ማሳደጊያ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። በወር አንዴ መጥቶ አቅፎ የሚሄድ እንግዳ ልጁን ይጎዳል፤ ለምዶ ይቀራል። ዓመት መዝለቅ የማይችል ሰው ወጥ ቤት ወይም ልብስ ማጠብ ይጠይቅ።

ሌላ፣ ብዙ ጊዜ የማይወስድ ነገር ከፈለጋችሁ ደም መለገስ ነው። ዕድሜ ከ18 እስከ 65፣ ክብደት ከ45 ኪሎ በላይ፣ በየ3 ወሩ። በጾም ሰሞንና ተማሪ በሌለበት ክረምት ለጋሹ ይቀንሳል፤ ከደሙ የሚለየው ፕሌትሌት፣ ማለት መድማትን የሚያቆመው ክፍል፣ ደግሞ 5 ቀን ብቻ ስለሚቆይ አከማችቶ መጠበቅ አይቻልም። ቀናችሁን በዚያ ሰሞን ላይ አድርጉት። በባዶ ሆድ አትሂዱ፣ ውሃ ጠጡ።

ጦስኝ

ችግኝን እስካሁን ማንም አላነሣም፤ ለምን እንደናቃችሁት ይገባኛል፤ ተካይ ሞልቷል፣ የጠፋው የሚያጠጣው ነው። ወረዳውን "ሐምሌ የተተከለውን 30 ችግኝ ስጡን፣ ከኅዳር እስከ ግንቦት እኛ እንይዘዋለን" ብትሉት የሚከለክላችሁ የለም። መጀመሪያ ዙሩና ፕላስቲኩ ሳይቀደድ የተተከለውን ፈልጉ፤ በብዛት ታገኛላችሁ። ሥሩ እዚያው ውስጥ እየተጠመጠመ ስለሆነ ገና እርጥበት እያለ፣ እስከ መስከረም ድረስ፣ አፈሩን ሳትበትኑ አውጥታችሁ፣ ቀዳችሁ መልሱት። በኅዳር ግን አትንኩት፣ ይደርቃል።

ዙሪያውን ግማሽ ሜትር አርሙ፣ ደረቅ ሣር አልብሱ፤ ሣሩ ግንዱን እንዳይነካ አራት ጣት ያህል ራቅ ይበል፣ አለዚያ ያበሰብሰዋል። ወይራና ጽድ አንዴ ከያዙ ይታገሣሉ፣ ኮሶ የመጀመሪያውን በጋ ውሃ ይፈልጋል። ለአንዱ በሳምንት 5 ሊትር ብታሰሉ 30ው 150 ሊትር ነው፤ በ20 ሊትር ጀሪካን ስምንት ጉዞ ለሁለት ሰው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ቦታውን ከመረከባችሁ በፊት የሚቀዳው ከየት እንደሆነ፣ እሑድ ውሃ እንዳለና ቁልቁለት ይሁን ዳገት በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩ። ጀሪካን ተሸክሞ ዳገት ከሆነ 15 ችግኝ ብቻ ውሰዱ።