የጃማይካ ባሪያ አሳዳሪ የዘር ሐረግ፦ አባትና ልጁን እንዴት ልለይ?

እ.ኤ.አ. በ1817 እና በ1820 የጃማይካ የባሪያ መዝገቦች (ለንደን ኪው ባለው የብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ የሰነድ ምድብ ቲ 71) አንድ የሸንኮራ እርሻ ጌታ ባለቤት ተብሎ ሰፍሯል። በ1823 ያው ስም ሞግዚት ሆኖ ይመጣል። አባትና ልጅ ሞክሼ ናቸው፤ ባለቤትነቱ ወደ ሞግዚትነት መለወጡ አንዱ እንደሞተ ያስጠረጥራል፤ የሞተው ግን የትኛው ነው? ባርነትን ከሻረው የ1833ቱ የብሪታንያ ሕግ በኋላ ለባሪያ አሳዳሪዎች የተከፈለው ካሳ መዝገብም አልረዳም፤ እርሻው በዕዳ ተይዞ ስለነበር ገንዘቡን የለንደን አበዳሪ ወስዶታል። ሰውየው እንግሊዝ ባለው የካንተርበሪ የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት የኑዛዜ መዝገብ (ምድብ ፕሮብ 11) ውስጥም የለም፤ እንግሊዝ ንብረት ያልነበረው ሰው እዚያ ባይገኝ አይገርምም። እርሻው አንድ መሆኑን ያረጋገጥኩት በባሪያዎቹ ስምና ዕድሜ ነው፤ ከጌታቸው ስም ይልቅ እነሱ ይታመናሉ። ከ1817 በኋላ ያሉት መዝገቦች ግን የተወለደና የሞተን፣ የተገዛና የተሸጠን ብቻ ስለሚጽፉ ክፍተት አለ። ጃማይካ ውስጥ ስፓኒሽ ታውን ከተማ ያሉትን የኑዛዜና የውል መዝገቦች በርቀት ማስፈተሽ የሚቻልበትን መንገድ የምታውቁ ብትጠቁሙኝ?