አንቲባዮቲክ ያስከተለው ተቅማጥ፦ እንጀራና ምስር ልከልክላት?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ጤና ይስጥልኝ። ልትጠይቀኝ ከጎንደር የመጣችው እናቴ መንጋጋዋ አብጦ ክሊንዳማይሲን ታዘዘላት። መድኃኒቱን እንደጨረሰች ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ያዛት፤ ምርመራው ክሎስትሪዲዮይዲስ ዲፊሲል የሚባል ባክቴሪያ አገኘ። አሁን ቫንኮማይሲን እየወሰደች ነው። አክስቴ በስልክ «ምስር አንጀት ይልጣል፣ ነጭ ሩዝና ሻይ ብቻ ስጫት» ትላለች። እናቴ ግን እንጀራ አምሯታል። ምን ላድርግ?

ከአሌክሳንድሪያ፦
አክስትሽ እውነታቸውን ነው። እኔንም የረዳኝ ሩዝና ማስቆሚያ ክኒን ነው።

ነርስ ዘዳላስ፦
እባክሽ፣ ማስቆሚያ ክኒን ሐኪማቸው ሳይፈቅድ እንዳትሰጫቸው፤ የባክቴሪያው መርዝ አንጀት ውስጥ ይከርማል።

ክሊንዳማይሲን የመንጋጋውን ጀርም ብቻ መርጦ አይገድልም፤ የትልቁን አንጀት ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም ይፈጃል። አንዳንዶቹ ሐሞትን እየለወጡ የዲፊሲልን እድገት የሚገቱ ነበሩ። እነሱ ሲጠፉ ያልተለወጠው ሐሞት የተኛውን ስፖር፣ ማለትም ጠንካራ ሽፋን ያለውን የባክቴሪያውን ዘር፣ ይቀሰቅሰዋል። የተረፉት ባክቴሪያዎች የሚያገግሙት ደግሞ እኛ መፍጨት የማንችለውን አሰር በልተው ነው። አሰሩን አብላልተው ቡቲሬት የሚባል አሲድ ያወጣሉ፤ የአንጀት ግድግዳ ሕዋሳት ዋና ምግብ እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በዚሁ ባክቴሪያ የተያዙ አይጦችን አሰር የሌለው ምግብ ሲመግቧቸው ባክቴሪያው አልለቅ አለ፤ ኢኑሊን የሚባል አሰር ሲሰጧቸው ግን ቁጥሩ እጅግ አሽቆለቆለ። ኢኑሊን በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት ውስጥ ይገኛል። በእርግጥ ጥናቱ በአይጥ ላይ ነው፤ አሰርም ቫንኮማይሲንን አይተካም።

ስለዚህ ተቅማጡ እስኪበርድ ቀጠን ያለ አጥሚትና ጨው ያለው የምስር ሾርባ፤ ከዚያ እንጀራ በአልጫ፣ በትንሽ በትንሹ። ሆዳቸውን ከነፋቸው ቀንሺ። ሩዝ ለጊዜው አይጎዳም፤ ለሳምንታት ሩዝ ብቻ መብላት ግን የተራቡትን ባክቴሪያዎች ጭራሽ ማስራብ ነው። እጃችሁን በሳሙናና በውሃ ታጠቡ፤ የአልኮል ጄል ስፖሩን አይገድልም። መጸዳጃውንም በበረኪና አጽጂው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
እግዜር ይስጥሽ እህቴ። በሶስ? ከቤት ይዛ መጥታለች።

ነርስ ዘዳላስ፦
ገብስ ነውና ጥሩ አሰር አለው። ጭብጦው ይቆይና በጥብጠሽ ስጫቸው፣ ስኳር ሳታበዢ። ትኩሳት ከመጣ፣ ሆዳቸው ከተወጠረ ወይም ደም ካየሽ ወዲያው ሐኪም ቤት ውሰጃቸው። መድኃኒቱን ከጨረሱም በኋላ ለሁለት ወር ያህል ተከታተያቸው፤ ከአምስት ታማሚ አንዱ ላይ ገደማ ያገረሻል።