ባለቤት ቢቀየር ጣሪያው ማፍሰሱን ይተዋል?

የሸዋበሩ፦
ሰላም ጀመዓ። ትናንት ማታ ዲኤስቲቪ ቤት የሰማሁት ነገር እስካሁን ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሯል። ማንቼ (ማንቸስተር ዩናይትድ) ተሸንፎ አንገታችንን ደፍተን እየወጣን ነው። አንድ ሰውዬ ከኋላዬ «የወሎ ክለቦችም እንደ ማንቼ ባለቤት ቢቀየርላቸው የት በደረሱ!» አይልም? እንደ ማንቼ! ለዚያውም ገና ከሽንፈት ስንወጣ! እንግሊዛዊው ባለሀብት ሰር ጂም ራትክሊፍ የክለቡን ሩብ ያህል ገዝቶ የኳሱን ሥራ የተረከበው በፈረንጆች 2024 መጀመሪያ ላይ ነው። በቀጣዩ የውድድር ዓመት ማንቼ በ42 ነጥብ 15ኛ ወጣ። የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜውንም በቶተንሃም ተሸነፈ። በቶተንሃም! ለወልድያና ለደሴ የተመኘልን ይሄን ነው? ባለቤት መቀየር መድኃኒት ነው የምትሉ ካላችሁ ኑና አስረዱኝ።

ቦርከና፦
ሩብ ገዛ ብለህ ራስህ ጽፈሃል። ሩብ የገዛ ሰው ደባል እንጂ ባለቤት አይባልም። ዋናዎቹ ባለቤቶች፣ አሜሪካኖቹ ግሌዘሮች፣ መቼ ወጡ? እነሱ እኮ ናቸው የገደሉን። በ2005 ክለቡን በ790 ሚሊዮን ፓውንድ ሲገዙት አብዛኛው ብድር ነበር። ከዚያ ዕዳውን ክለቡ ላይ ጫኑት። ሰኞ ገበያ ወርደህ በሬ በዱቤ ትገዛለህ፤ ከዚያ በሬውን «በል ዕዳህን አርሰህ ክፈል» ትለዋለህ። ይኸው ነው። በዚያ ላይ የትርፍ ድርሻ እያሉ ወሰዱ። በሬው ቢከሳ ምን ይገርማል?

ሐይቅ ዳር፦
እኔ የአርሰናል ደጋፊ ነኝ። ሰር ጂምን በጣም እወደዋለሁ። ረጅም ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልን። አሚን በሉ።

ቦርከና፦
ሦስት ዓመት ተከታትሎ ሁለተኛ የወጣ ቡድን ደጋፊ ዱዓ ማድረግ ይችላል። መናገር ግን አይፈቀድለትም።

ሐይቅ ዳር፦
ከሁለተኛ እስከ 15ኛ መሃል ስንት ቡድን አለ? ተረጋግተህ ቁጠር። የእጅህ ጣት ካነሰህ የእግርህን ጨምር።

የሸዋበሩ፦
ከነገሩ አትውጡ። ቦርከና፣ «ደባል» አልክ። ጥሩ። ደባል ሠራተኛ ያባርራል? መጀመሪያ 250 ያህል ሰው ቀነሱ፤ በዓመቱ ደግሞ እስከ 200 ሰው እንቀንሳለን አሉ። ኦልድትራፎርድ ላይ የሠራተኛውን ነፃ ምሳ አስቀርተው ፍራፍሬ ሰጡት። ሙዝ! አሰልጣኙን ቴን ሃግን ውል አራዝመውለት አራት ወር ሳይሞላ አባረሩት፤ ማሰናበቻው እሱንና ረዳቶቹን ጨምሮ ከ10 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ወጣበት። የስፖርት ዳይሬክተሩን አሽዎርዝን ከኒውካስል ለማምጣት ወራት ጠብቀው፣ በአምስት ወሩ ሸኙት። የቀድሞውን አሰልጣኝ የሰር አሌክስ ፈርጉሰንን የአምባሳደርነት ክፍያ ሳይቀር ቆረጡ። ደባል ይሄን ሁሉ ካደረገ ለባለቤቱ ምን ቀረለት?

ቦርከና፦
ዕዳ የወረሰ ሰው ምን ያድርግ? ቢያንስ ሰውዬው የዚያው አካባቢ ልጅ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ የማንቼ ደጋፊ ነው። ገንዘብ ፍለጋ አይደለም የመጣው።

ሐይቅ ዳር፦
ከልጅነቱ ጀምሮ የማንቼ ደጋፊ የሆነው ሰውዬ በ2022 ቼልሲን ልግዛ ብሎ 4.25 ቢሊዮን ፓውንድ አቅርቦ ነበር። ቼልሲን! ልጅነቱ የት ሄዶ ነው?

የሸዋበሩ፦
ሃሃሃ ይሄንንስ ረስቼው ነበር። አንደኛዋን አጭቶ እንቢ ስትለው ሁለተኛዋን «ከልጅነቴ ጀምሮ አንቺን ነበር» እንደሚላት ሰው።

ቦርከና፦
ማንቼ ያኔ ለሽያጭ አልቀረበም ነበር! ሲቀርብ ገዛ። ምን ያስቃል?

አብሽር ደሴ፦
እናንተ ልጆች እንግሊዝ አገር ቀለጣችሁ። ሸዋበር፣ ጥያቄህ ስለ ወሎ ክለቦች ነበር አይደል? እኔ ከሰውዬው ጋር ነኝ። ማንቼን መጥቀሱ ነው የተሳሳተው። የዌልሱን ክለብ ሬክሰምን ቢል ኖሮ ምን ትለው ነበር? ሁለት የፊልም ሰዎች በ2021 በ2 ሚሊዮን ፓውንድ ገዙት። አምስተኛ እርከን ላይ የተቀበረ ክለብ ነበር። ሦስት ዓመት ተከታትሎ እያደገ ሁለተኛው እርከን፣ ሻምፒዮንሺፕ፣ ገባ። ይሄንን በከንቲባ በጀት ታመጣዋለህ?

የሸዋበሩ፦
ለያንዳንዱ ሬክሰም አንድ በሪ የሚባል የእንግሊዝ ክለብ አለልህ። በ2018 መጨረሻ አንድ ሰው በ1 ፓውንድ ገዛው። አንድ። እዚያው እንግሊዝ አገር የማኪያቶ ዋጋ አይሞላም። ዓመት ሳይሞላ ነሐሴ 2019 ከሊጉ ተባረረ። ከ1894 ጀምሮ ሊጉ ውስጥ የነበረ፣ ኤፍኤ ካፕ ሁለት ጊዜ የበላ ክለብ ነው። አዲስ ባለቤት መጣላቸው ብለው ደስ ብሏቸው ነበር እነሱም።

አብሽር ደሴ፦
በ1 ፓውንድ የሚሸጥ ክለብ ድሮውንም ሞቷል ማለት ነው። ቀባሪውን ነው የምትከሰው?

ጋሼ ፒያሳ፦
ልጆቼ፣ ከሥራ ገብቼ ነው ያነበብኩት። አብሽር ያለው እውነት አለበት። የኛ አገር ክለብ ችግሩ ድህነት ብቻ አይደለም። ባለቤት የለውም። የከተማ አስተዳደር በጀት ይመድባል፤ ከንቲባ ሲነሣ ቦርዱ ይነሣል፤ ቦርዱ ሲነሣ አሰልጣኙ ይነሣል። ተጫዋቹ ደመወዝ ሲዘገይበት ለማን እንደሚጮኽ አያውቅም። አጥር የሌለው ማሳ የሰፈር ከብት ሁሉ ይግጠዋል። በኛ አቆጣጠር በ2016 ሊጉን የበላው ማነው? ንግድ ባንክ። ለምን? የሚከፍለው ስለሚታወቅ ነው።

እህተ ወልድያ፦
ጋሼ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ «ባለቤት የለውም» ያሉት አልተዋጠልኝም። እኔ ማነኝ ታዲያ? በኛው አቆጣጠር በ2009 የወልድያ ስታዲየም ሲመረቅ አባቴን ይዤ ገብቼ ነበር። ወንበሩ አዲስ ነው። አባቴ ሳይቀመጥ በፊት በነጠላው ጫፍ ጠረገው፤ አቧራ የለበትም እኮ፣ ዝም ብሎ ጠረገው። የሰው ቤት ሲገባ እንደዚያ አያደርግም፤ የራሱን መደብ ነው እንደዚያ የሚጠርገው። እሱ ባለቤት አይደለም?

አብሽር ደሴ፦
እህቴ፣ ስታዲየሙን ማን ሠራው? ሼህ አላሙዲ። ስሙም በስማቸው ነው። ባለሀብት! ራስሽ መሰከርሽልኝ፣ ኬዙ ተዘጋ።

እህተ ወልድያ፦
አልተዘጋም። መስጠትና መግዛት አንድ ሆኖ ነው? ሰጡን፣ እግዜር ይስጥልን። ግን ስታዲየም ቡድን አይሆንም። በተመረቀ በማግሥቱ ዓመት፣ በ2010፣ ከፕሪሚየር ሊግ ወረድን። 25 ሺህ ያህል ሰው የሚይዝ ስታዲየም ይዘን!

ቦርከና፦
በዚያው 2010 ሼሁ ሳዑዲ ታስረው እንደነበርም አትርሱ። አንድ ሰው ላይ ብቻ ሲንጠለጠሉ እንዲህ ነው።

አብሽር ደሴ፦
ቦርከና ተው። የወረደው ግብ ስለገባበት ነው። የሰውን መከራ ለክርክርህ ማገዶ አታድርገው።

ቦርከና፦
ቡድኑ በእሳቸው ምክንያት ወረደ አላልኩም። አነጋገሬ ካስከፋ ይቅርታ። ግን ባለሀብት ሰው ነው። ይታመማል፣ ይከስራል፣ ይታሰራል፣ ይሰለቸዋል። የቼልሲው ባለቤት አብራሞቪች 19 ዓመት ይዞት ቆይቶ ማዕቀብ ሲመጣበት ወዲያው ክለቡ ትኬት እንኳ መሸጥ አቅቶት አላየንም?

ጋሼ ፒያሳ፦
ከተማ አስተዳደርስ አይሰለቸውም?

የሸዋበሩ፦
ይሰለቸዋል ጋሼ። ልዩነቱ የከተማው ሰው አስፋልት ላይ ቆሞ ከንቲባው ላይ መጮኽ ይችላል። ግሌዘር ፍሎሪዳ ነው ያለው። ደሴ ሆነህ ማን ላይ ትጮኻለህ?

እህተ ወልድያ፦
ወደ ቃሉ ልመልሳችሁ። «ባለቤት» ምን ማለት ነው? ጋሼ፣ ቤት ውስጥ ያሉትን «ባለቤቴ» አይሏቸውም? ገዝተዋቸው ነው?

ጋሼ ፒያሳ፦
አይይ ልጄ። እኔ ነኝ የተሸጥኩት።

ሐይቅ ዳር፦
ሃሃሃ ጋሼ ሩብ ነው ወይስ ሙሉ?

አብሽር ደሴ፦
ተዉ እንጂ፣ ጨዋታ አታድርጉት። ትዳር ውስጥም ቢሆን ወጪ የሚሸፍን ይኖራል። በፍቅር ብቻ የፊርማ ገንዘብ አይከፈልም። የኛው ሊግ ራሱ በኛ አቆጣጠር በ2012 አክሲዮን ማኅበር ሆኗል። ከዲኤስቲቪ ጋር ለአምስት ዓመት በ22.5 ሚሊዮን ዶላር ተፈራረመ። ሊጉ ነጋዴ ሲሆን ክለቡ ለምን የመንግሥት ጥገኛ ሆኖ ይቀራል? እኛ አሁንም «የሕዝብ ክለብ» እያልን እናዜማለን። የሕዝብ ከሆነ ሕዝቡ ይክፈል! ማነው መታወቂያ አውጥቶ የደጋፊ መዋጮ የከፈለ? እጅ አውጡ።

(ለአፍታ ማንም አልጻፈም።)

እህተ ወልድያ፦
እኔ ከፍያለሁ።

አብሽር ደሴ፦
አንድ ሰው። አላልኩም?

እህተ ወልድያ፦
ሌላም ልንገርህ፣ ሬክሰምን ስላነሣህ። ከሽያጩ በፊት የሬክሰም ባለቤት ማን ነበር? ደጋፊው ነበር፣ ከፈረንጆች 2011 ጀምሮ። በማኅበር ሰብስቦ ይዞት ነበር። ሁለቱ ተዋንያን ሲመጡ አባላቱ ድምፅ ሰጡ። ከመቶው 98ቱ «ይሁን» አለ። ሽማግሌ ተልኮ ልጅቷም ወላጅም ጠይቆ ነው የተዳረችው። የኛን የሚሸጥ ሰው መጀመሪያ ማንን ይጠይቃል? አዳራሽ ሰብስበው አበልና ለስላሳ ሰጥተው «ተወያይተን ተስማምተናል» ነው የሚሉን።

የሸዋበሩ፦
እልልልል! እህተ ወልድያ ጨረሰችው።

አብሽር ደሴ፦
ምኑን ጨረሰችው? ደጋፊው ራሱ «እኔ አልቻልኩም፣ ውሰዱልኝ» ብሎ ነው እኮ ድምፅ የሰጠው! 98 ከመቶ! ይሄ ለኔ ነው የሚመሰክረው።

ቦርከና፦
ጀርመኖቹ ጨርሰውታል። 50 ሲደመር 1 ይሉታል። ባለሀብቱ ይገባል፣ ገንዘቡን ያመጣል፤ ድምፁ ግን ከግማሽ በላይ የአባላቱ ሆኖ ይቀራል። ሰውዬው ቢጠፋ ክለቡ አብሮት አይጠፋም።

አብሽር ደሴ፦
ጀርመን ሄደህ ኑራ። እዚህ 49 ከመቶ ይዞ ገንዘቡን የሚያፈስ ሞኝ ባለሀብት ካገኘህ ስልኩን ላክልኝ፣ እኔም ሱቄ ውስጥ አስገባዋለሁ።

ሐይቅ ዳር፦
እኔ ደግሞ ቁም ነገር ልናገር፣ አንድ ጊዜ ፍቀዱልኝ። አሜሪካዊው ባለሀብት ክሮንኬ በፈረንጆች 2018 አርሰናልን ጠቅልሎ ሲይዝ አበቃልን ብዬ ነበር። በ2021 ያን ሱፐር ሊግ የሚሉትን፣ የትልልቅ ክለቦቹን ብቻ ውድድር፣ ይዘው ሲመጡ ደጋፊው ስታዲየሙ በር ላይ «ክሮንኬ ውጣ» እያለ ጮኸ፤ እኔም እዚሁ ሐይቅ ሆኜ ጮኽኩ። ሰውዬው አልወጣም። ያው ባለቤት፣ ያው ፂም። ግን ልጅ አሰልጣኝ ላይ ታገሠ፣ ቡድኑ ሰው ሆነ። ስለዚህ ባለቤት መቀየሩ ሳይሆን ባለቤቱ መታገሡ ነው።

ቦርከና፦
የታገሠው ለሁለተኛ ደረጃ ነው።

ሐይቅ ዳር፦
ከናንተ ጋር ቁም ነገር አይወራም። ኦልድትራፎርድ ግንቦት 2024 ከኛ ጋር ስትጫወቱ ዝናቡ ከጣሪያው እንደ ፏፏቴ ሲወርድ አይቻለሁ። ሰር ጂም ከገባ በኋላ ነው ይሄ። 1 ለ 0 አሸንፈን ደረቅ ልብስ ለብሰን ወጣን።

ቦርከና፦
100 ሺህ ሰው የሚይዝ አዲስ ስታዲየም ሊሠራ አቅዷል፣ 2 ቢሊዮን ፓውንድ። ያኔ እናያለን።

ሐይቅ ዳር፦
15ኛ ለወጣ ቡድን 100 ሺህ ወንበር። ወልድያ ትታያችሁ የለ?

እህተ ወልድያ፦
ወልድያን ከአፍህ አውጣ። አንተ ያለህ ሐይቅ ብቻ ነው።

የሸዋበሩ፦
ስለ ጣሪያ ካነሣችሁ አይቀር፣ የዲኤስቲቪ ቤታችንም ባለቤት ተቀይሯል፣ አልሰማችሁም? አዲሱ ሰውዬ የእንጨቱን አግዳሚ አውጥቶ የፕላስቲክ ወንበር አስገባ። መግቢያውን ጨመረ። ቆርቆሮው ግን እዚያችው ቦታ፣ ከስክሪኑ በስተግራ፣ ዛሬም ያንጠባጥባል። ድሮ የነበረው ሰውዬ ከሥሩ የቀለም ባልዲ ያስቀምጥ ነበር። አሁን ባልዲውም የለም።

ቦርከና፦
የፕላስቲኩ ወንበር ግን ለጀርባ ይሻላል። እውነቱን እንናገር።

የሸዋበሩ፦
በቃ፣ ዋጋ ተጨምሮበት ጀርባህ ተመችቶህ እየተሸነፍክ ታያለህ። ይኸው ነው ባለቤት ተቀየረ ማለት።

አብሽር ደሴ፦
አንተ ሽንፈትህን ለወንበሩ ልታላክክ ነው እንዴ? ቆርቆሮ ለማስጠገን እኮ ገንዘብ ያስፈልጋል፣ ገንዘቡ ከመግቢያው ነው የሚመጣው! ጊዜ ስጠው!

የሸዋበሩ፦
«ጊዜ ስጠው»። ይችን ለማንቼም ብለሃታል፣ ለወልድያም ልትላት ነው።

ጋሼ ፒያሳ፦
ልጆቼ፣ ሁላችሁም የየራሳችሁን ነው የምታወሩት። እኔ የምለው አንድ ነገር አለ፤ ረዘም አድርጌ ልጽፈው ነበር። አሁን ግን ባለቤቴ ራት ቀርቧል ብላ ሁለተኛ ጠራችኝ። እመለሳለሁ።

እህተ ወልድያ፦
ይሂዱ ጋሼ። 51ዱ ከመቶ የባለቤትዎ ነው።

ቦርከና፦
የቅዳሜውን ጨዋታ የሚያይ ካለ፣ ከስክሪኑ በስተቀኝ ወንበር ያዙልኝ። በግራ በኩል ያፈሳል።

ሐይቅ ዳር፦
15ኛ።